አስታማሚ ወይስ ጠያቂ? የአእምሮ ዕድገት እክል ያለባቸው ሰዎች ሆስፒታል ሲተኙ ከጎናቸው የሚቆመው ሰው

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታሎች ግቢ በማለዳ የሚታዩት ሕሙማን ብቻ አይደሉም። ፔርሙስ ያንጠለጠሉ፣ ምሳ ዕቃ የያዙ፣ ሌሊቱን ኮሪደር ላይ ጋቢ ተከናንበው ያሳለፉ ሰዎችም አሉ። የላቦራቶሪ ውጤት የሚያመጡት፣ በሆስፒታሉ ያልተገኘውን መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞሩት፣ ታማሚውን የሚያጥቡት፣ የሚያጎርሱትና የሚያገላብጡት እነዚህ ናቸው። አማርኛ ለእነርሱ አንድ ቃል አለው፤ አስታማሚ።

ቃሉ 'ጠያቂ' ከሚለው ይለያል። ጠያቂ በተፈቀደለት ሰዓት መጥቶ፣ 'እግዜር ይማርህ' ብሎ ይሄዳል። አስታማሚ አብሮ ያድራል። ለብዙ ታማሚ ይህ ልዩነት የምቾት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም፣ ሴሬብራል ፓልሲ ወይም ሌላ የአእምሮ ዕድገት እክል ላለበት ሰው ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ባለፉት ሁለት አስርት ዓመታት የተደረጉ ምርመራዎች አሳይተዋል።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ችግሩ በተለያዩ አገራት የተገላቢጦሽ መልክ መያዙ ነው። በሀብታሞቹ አገራት ቤተሰብና ተንከባካቢ ከታማሚው ጎን ለመቆየት ሕግ ማስወጣት አስፈልጓቸዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ያለ አስታማሚ መታከም የሚታሰብ አይደለም፤ ነገር ግን አስታማሚው የሚያውቀውን የሚጠይቀው፣ የሚደክመውንም የሚያግዘው የለም።

ሕመሙን በቃል መናገር የማይችል ታማሚ

የዕድገት እክል የሚባሉት ከልጅነት ጀምሮ የሚታዩና በመማር፣ በመግባባት፣ በእንቅስቃሴ ወይም በማኅበራዊ ግንኙነት ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ሁኔታዎች ናቸው። አብዛኞቹ ዕድሜ ልክ ይቆያሉ። ስለዚህም ጉዳዩ የሕፃናት ብቻ አይደለም፤ የ40 ዓመት ጎልማሳም ሆስፒታል ሲገባ ከእክሉ ጋር ነው የሚገባው።

እንዲህ ያለ ሰው ሲታመም ሐኪሙ የለመደው መንገድ ይዘጋበታል። 'የት ጋ ነው የሚያምህ? ከመቼ ጀምሮ?' ለሚለው ጥያቄ መልስ ላይገኝ ይችላል። ሕመሙ የሚገለጠው በሌላ ቋንቋ ነው፤ ምግብ በመግፋት፣ ራስን በመምታት፣ በመጮኽ ወይም ባልተለመደ ዝምታ። ታማሚውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ባለሙያ ይህንን ሲመለከት 'የእክሉ ጠባይ ነው' ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

በሕክምናው ዓለም ይህ ስህተት በሚገባ የታወቀ ነው። አንዱ ምርመራ ሌላውን ይጋርደዋል፤ ሐኪሙ እክሉን አይቶ ከእክሉ ጀርባ ያለውን በሽታ ሳያይ ይቀራል። ራሱን የሚመታው ወጣት የጥርስ መግል ይኖርበት ይሆናል። 'ተናዳ' የተባለችው ሴት ለሳምንት የዘለቀ ከባድ የሆድ ድርቀት እያሰቃያት ሊሆን ይችላል። የሆድ ድርቀት ቀላል ነገር ይመስላል፤ በዚህ የኅብረተሰብ ክፍል ግን አንጀት እስከ መዝጋትና ሕይወት እስከ መቅጠፍ ይደርሳል። ምግብ ሲዋጥ ወደ ሳንባ በመግባቱ የሚከሰት የሳንባ ምች፣ በወቅቱ ያልተቆጣጠሩት የሚጥል በሽታ እና ዘግይቶ የታወቀ የደም መመረዝም በተደጋጋሚ የሚጠቀሱ የሞት ምክንያቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ነው አስታማሚው የሚያስፈልገው። ያቺ እናት ወይም ያ ወንድም 'ይህ ልቅሶ የረሃብ ነው፣ ያኛው የሕመም ነው' ብለው መለየት ይችላሉ። ይህ ዕውቀት በካርድ ላይ አልተጻፈም፤ በደም ምርመራም አይገኝም።

ሕክምናው ይህንን ዕውቀት ለመጠቀም የሚያስችሉ መለኪያዎች አሉት። ከእነዚህ አንዱ አምስት ነገሮችን ይመለከታል፤ የፊት ገጽታን፣ የእግርን ሁኔታ፣ የሰውነት እንቅስቃሴን፣ ልቅሶን እና ታማሚው ሲያባብሉት መጽናናት መቻሉን። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ10 ነው። መለኪያው መጀመሪያ የተዘጋጀው ለትንንሽ ልጆች ነበር። በኋላ የአእምሮ ዕድገት እክል ላለባቸው ልጆች ሲሻሻል አንድ ወሳኝ ነገር ተጨመረበት፤ ወላጅ 'የእኔ ልጅ ሲያመው እንዲህ ያደርጋል' የሚለውን በመለኪያው ላይ እንዲያስመዘግብ ተደረገ። ቁጥሩን የምትሞላው ነርሷ ናት፤ የምትሞላውን ነገር ትርጉም የምትሰጠው ግን እናት ናት።

26 ቀናት ያለ ምግብ

የብሪታንያ ተሞክሮ ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። እአአ 2007 ሜንካፕ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የመማርና የመረዳት እክል ኖሮባቸው በመንግሥት የጤና አገልግሎት ሥር እያሉ ስለሞቱ ስድስት ሰዎች አንድ ዘገባ አወጣ። የዘገባው ርዕስ 'በግድየለሽነት መሞት' የሚል ትርጉም ያለው ነው። ከስድስቱ አንዱ ዳውን ሲንድረም የነበረበት የ43 ዓመት ሰው ነበር። በስትሮክ ተመትቶ መዋጥ አቃተው። በሆስፒታሉ ለ26 ቀናት ምግብ ሳያገኝ ቆይቶ ሞተ።

ዘገባው ያስነሳው ቁጣ መንግሥት ገለልተኛ ምርመራ እንዲያዝ አስገደደ። ከዚያ በኋላ በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የተመራና እአአ 2013 ይፋ የሆነ ጥናት የ247 ሰዎችን አሟሟት መረመረ። የመማርና የመረዳት እክል ያለባቸው ወንዶች ከሌላው ሕዝብ በአማካይ 13 ዓመት፣ ሴቶች ደግሞ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አረጋገጠ። ከምክንያቶቹ መካከል የምርመራና የሕክምና መዘግየት እንዲሁም ቤተሰብና ተንከባካቢ 'አንድ ነገር ሆኗል' ሲሉ አለመደመጣቸው ይገኙበታል።

እአአ 2016 ደግሞ ኦሊቨር ማክጎዋን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ሞተ። ኦቲዝም፣ መለስተኛ የሴሬብራል ፓልሲ ምልክትና የሚጥል በሽታ ነበረበት። እርሱም ወላጆቹም ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ከዚህ ቀደም ጉዳት እንዳደረሱበት ተናግረው እንዳይሰጡት ጠይቀው ነበር። ተሰጠው፤ በመድኃኒቱ በተነሳ ከባድ የጎንዮሽ ችግር አንጎሉ ተጎዳና ሕይወቱ አለፈ። እናቱ ፖላ ማክጎዋን ባካሄዱት ዘመቻ ምክንያት እአአ 2022 በወጣው የጤና ሕግ መሠረት በእንግሊዝ የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ሠራተኞች ስለ ኦቲዝምና ስለ መማር እክል ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ሆነ። ሥልጠናው የሚጠራው በልጃቸው ስም ነው።

በነዚህ ዓመታት በብሪታንያ ሆስፒታሎች ሁለት ነገሮች ተለምደዋል። አንደኛው በዚህ ሥራ የተካኑ አገናኝ ነርሶች መመደባቸው ነው። ሁለተኛው 'የሆስፒታል ፓስፖርት' የሚባለው ሰነድ ነው። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩ ጥቂት ወረቀት ነው። ብዙዎቹ እንደ ትራፊክ መብራት በሦስት ቀለማት የተከፈሉ ናቸው። በቀዩ ላይ የሚሰፍረው ካልታወቀ አደጋ የሚያስከትለው ነው፤ አለርጂ፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ የመዋጥ ችግር፣ የሚጥል በሽታ። በቢጫው ላይ ታማሚው እንዴት እንደሚግባባ፣ ሕመሙን እንዴት እንደሚገልጽ፣ እንዴት እንደሚመገብና እንደሚጸዳዳ ይጻፋል። አረንጓዴው የሚወደውንና የሚጠላውን ይይዛል። ለምሳሌ መርፌ ከመወጋቱ በፊት አንድ የተለየ መዝሙር እንዲሰማ የሚፈልግ ሰው ይኖራል፤ ያንን የማያውቅ ነርስ ሦስት ሰው ጠርቶ በግድ ሊያስይዘው ይችላል።

በሩ ሲዘጋ፦ የወረርሽኙ ጊዜ በአሜሪካ

የኮሮናቫይረስ ወረርሽኝ እአአ በ2020 ሲስፋፋ በአሜሪካ የሚገኙ ሆስፒታሎች ጠያቂ ከለከሉ። ሕጉ ሲወጣ አስታማሚና ጠያቂ አንድ ላይ ተጨፈለቁ። መናገር የማይችሉ ሰዎች ብቻቸውን ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ተንከባካቢዎቻቸው መኪና ማቆሚያ ቀሩ።

የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾች ክርክራቸውን ያቀረቡት በርኅራኄ ስም አልነበረም። እአአ 1973 የወጣው የተሃድሶ ሕግ እና የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሆስፒታሎች ለአካል ጉዳተኛ አሠራራቸውን በምክንያታዊ መጠን እንዲያስተካክሉ ያስገድዳሉ። ለማየት ለተሳነው ሰው መሪ ውሻ እንደሚፈቀድ ሁሉ፣ ያለ ረዳት መግባባት ለማይችል ሰው ረዳቱ የሕክምናው አካል ነው አሉ። የፌዴራል የጤና መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮ ሰኔ 2020 ከኮኔቲከት ግዛት ጋር ባደረገው ስምምነት ይህንን ተቀበለ፤ ግዛቷም ሆስፒታሎች ረዳት እንዲያስገቡ አዘዘች። በዚያው ሰሞን የኦሪገን ግዛት ምክር ቤት ባጸደቀው ሕግ አካል ጉዳተኛ ታማሚ ቢያንስ ሦስት ረዳቶችን መሰየም እንዲችል፣ ከእነርሱም ቢያንስ አንዱ ዘወትር ከጎኑ እንዲሆን ተፈቀደ።

መግባት ከተፈቀደ በኋላ ሌላ ጥያቄ ተነሳ፤ የሚከፍለው ማን ነው? በአሜሪካ የዕድገት እክል ያለባቸውን ሰዎች በቤታቸው ወይም በጋራ መኖሪያ ቤት የሚንከባከቡ ሠራተኞች ክፍያ በአብዛኛው የሚመጣው ሜዲኬይድ ከተባለው የመንግሥት የጤና መድን ነው። ታማሚው ሆስፒታል ሲተኛ ግን 'አሁን የሚንከባከበው ሆስፒታሉ ነው' በሚል የሠራተኛው ክፍያ ይቆም ነበር። መጋቢት 2020 የወጣው የወረርሽኝ ድጎማ ሕግ ይህንን አሻሻለ። ሠራተኛው በሆስፒታል ውስጥ ለሚሰጠው አገልግሎት ክፍያ ማግኘት ይችላል፤ ነገር ግን አገልግሎቱ በታማሚው የእንክብካቤ ዕቅድ ውስጥ የሰፈረ፣ ሆስፒታሉ ራሱ ሊሰጥ የሚገባውን የማይተካ፣ ታማሚው ያለውን አቅም እንዳያጣና ወደ ቤቱ በሰላም እንዲመለስ የሚያግዝ መሆን አለበት። ከሁሉም የሚበልጠው ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ነው። የተንከባካቢው መኖር ለሆስፒታሉ ነርስ ለመቀነስ ሰበብ እንዳይሆን ይከላከላል።

ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲያትልና በሚኒያፖሊስ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በዚሁ የእንክብካቤ ሥራ ተሰማርተዋል። በሌሊት አምቡላንስ ጠርተው ሰውየውን ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያደርሱት፣ 'እርስዎ የቤተሰብ አባል ነዎት?' ተብለው የሚጠየቁትም እነርሱ ናቸው። በሌላ በኩል ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላቸው አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችም አሉ። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ታናሽ እህት የታላቅ ወንድሟን ምርመራ እንድታስተረጉም ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ ለሕክምናውም አደገኛ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ፦ መግባት ሳይከለከል

ኬንያና ኡጋንዳ እአአ 2008፣ ኢትዮጵያ ደግሞ 2010 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቀዋል። የስምምነቱ አንቀጽ 25 አካል ጉዳተኞች ከማንኛውም ሰው እኩል ጥራት ያለው ሕክምና የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንክብካቤ እንደሚያደርግ ያትታል። 'አቅም በፈቀደ መጠን' የሚለው ሐረግ በተግባር ሸክሙ በማን ላይ እንደሚያርፍ ይናገራል።

በኢትዮጵያ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ በመናገር ከቀዳሚዎቹ መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይገኙበታል። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን በማሳደግ ያዩትን ችግር መነሻ አድርገው እአአ 2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ማዕከላት ተከፍተዋል። ቢሆንም በየቤቱ የተደበቁ ልጆች ጉዳይ አላበቃም። እአአ 2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ያገኛቸውን 102 ተንከባካቢዎች ጠይቆ ነበር። 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው ተናገሩ፤ ከአራት አንድ የሚበልጡት ደግሞ ሁኔታውን ለመደበቅ ይጥራሉ። እነዚህ እንግዲህ ደፍረው ክሊኒክ የመጡት ናቸው።

ኀፍረቱ ሆስፒታል በር ላይ አይቀርም። የሚጮኽ ልጅ ይዛ የተመላላሽ ሕክምና ወረፋ የምትጠብቅ እናት የዙሪያዋን ዐይን ትሸሻለች። ብዙ ሰው፣ ብዙ ድምፅና የሚያብረቀርቅ መብራት ያለበት ክፍል ኦቲዝም ላለበት ልጅ ራሱ ሕመም ነው። ልጁ ባሰበት ቁጥር 'አስተካክለሽ አላሳደግሽውም' የሚል አስተያየት ይከተላል። ተራዋ ሳይደርስ ጥላ የምትሄድም አለች። ከወረፋው ቀድሞ ማስገባት፣ ወይም ተራው እስኪደርስ ደጅ እንዲጠብቁ ፈቅዶ መጥራት ገንዘብ አይጠይቅም። ቢሮክራሲውን ለሚያውቅ ሰው ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ሁሉ ቀላል አይደለም።

አልጋ ከተያዘ በኋላ ደግሞ የአስታማሚው ሥራ ወሰን የለውም። ሰው ያጣ ዋርድ ውስጥ ነርሷ ብዙ ታማሚዎችን ትከታተላለች፤ ስለዚህ መመገቡም ማጠቡም ለቤተሰብ ይተዋል። ለተራ ታማሚ ይህ ይቻል ይሆናል። የመዋጥ ችግር ያለበትን ልጅ አልጋ ላይ አጋድሞ ማጉረስ ግን ምግቡን ወደ ሳንባው መላክ ነው። በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንንሽ ጉርሻ፣ ምግቡ ለእርሱ በሚስማማ ውፍረት ተዘጋጅቶ፣ ከበላም በኋላ ለጊዜው ሳይተኛ መቆየት ይኖርበታል። ይህንን ብዙ ጊዜ የምታውቀው እናት ናት። እርሷ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ሌላ ዘመድ ሲተካ አደጋው ይመጣል።

ሊነገሩ የሚገባቸው ነገሮች

ለዚህም ነው ፓስፖርት የተባለው ወረቀት ሀብታም አገር የማይጠይቀው። ከደብተር በተገነጠለ ገጽ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሶማልኛ ተጽፎ ከአልጋው ራስጌ ሊለጠፍ ይችላል። ተረኛው ሐኪም በተቀየረ ቁጥር ቤተሰብ ታሪኩን ከመጀመሪያው ከመናገር ይድናል።

ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚነሱ ሁለት ነገሮች የተለየ ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው 'ምንም እንዳይቀምስ' የሚለው ትእዛዝ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ በጥቂት ውኃ ይወሰድ ወይስ በሌላ መንገድ ይሰጥ የሚለውን ቤተሰብ በራሱ ሳይወስን ሐኪሙን ወይም የማደንዘዣ ባለሙያውን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ሁለተኛው ዳውን ሲንድረም ያለባቸውን ይመለከታል። ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ የአንዳንዶቹ የአንገት አጥንት መጋጠሚያም የላላ በመሆኑ በማደንዘዣ ጊዜ አንገት ሲቀና ጥንቃቄ ይጠይቃል። የማደንዘዣ ባለሙያው ይህንን ቢያውቅም ማስታወሱ አይጎዳም።

አስታማሚው ሁሉን ያውቃል ማለት ግን አይደለም፤ የታማሚውን ቦታም አይወስድም። በብዙ አገር ሐኪሞች ዘንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ ታማሚው ተቀምጦ እያለ ስለ እርሱ ከእናቱ ጋር ማውራት። የ30 ዓመት ሰው 'ልጁ በልቷል?' ተብሎ በፊቱ ይጠየቅለታል። መናገር ባይችልም የሚሰማ ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ እርሱን በስሙ ጠርቶ ማናገር፣ መሣሪያውን ከመጠቀም በፊት ማሳየት፣ በሥዕል ወይም በምልክት መልስ እንዲሰጥ ጊዜ መስጠት ይገባል። አልፎ አልፎም ታማሚውን ያለ አስታማሚው ማየት ያስፈልጋል፤ የዕድገት እክል ያለባቸው ሰዎች ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው፣ ጥቃት አድራሹም አንዳንዴ አብሮ የመጣው ሰው ነው።

አስታማሚውንስ ማን ያስታምም?

ሸክሙ በአብዛኛው የሚወድቀው በእናት ላይ ነው። ለሁለት ሳምንት ሆስፒታል የቆየች የቀን ሠራተኛ የሁለት ሳምንት ገቢ አጥታለች። ቤት የቀሩት ልጆች ጎረቤት ዘንድ ናቸው። ወንበር ላይ እየተኛች የምታስታምም ሴት በአሥረኛው ቀን የልጇን ምልክት የማንበብ አቅሟ መድከሙ አይቀርም። በእንግሊዝ እአአ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ሆስፒታሎች ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር ታማሚ በሚፈልገው ሰው እንዲጎበኝና ለቀጠሮም አብሮት ሰው እንዲገባ የሚያስገድድ ደንብ ተግባራዊ ሆኗል። ደንቡ በሩን ይከፍታል፤ አልጋና ምግብ ለአስታማሚው አያቀርብም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ የዕድገት እክል ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ሰዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ለቤት ጉብኝቶች አሉት። ወላጆች ከልጃቸው ጋር በጨዋታና በዕለት ተዕለት ሥራ እንዴት እንደሚግባቡ ይማራሉ፤ ለራሳቸው ደኅንነትም ጊዜ ተመድቧል። ሥልጠናውን ለመስጠት ልዩ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ስላለው ሁኔታ የተዘጋጀ ባይሆንም፣ የልጁን ምልክት ማንበብና በቃል ማስረዳት የለመደች እናት ለተረኛው ሐኪም የምትነግረው ነገር ይኖራታል።

ከሁሉም የሚዘነጋው የመውጫው ቀን ነው። 'ድኗል፣ ውሰዱት' ሲባል ወረቀቱ የሚሰጠው ለቆመው ሰው ነው፤ ምናልባት ለዚያ ቀን ብቻ የመጣ አጎት ሊሆን ይችላል። የተቀየረው የመድኃኒት መጠን፣ አዲሱ የአመጋገብ መመሪያ፣ በምን ምልክት ተመልሶ መምጣት እንዳለበት በትክክል ቤት ውስጥ ለሚንከባከበው ሰው መነገር አለበት። ማንበብ ለማትችል እናት ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ ነርሷ ካስረዳቻት በኋላ እናቲቱ የሰማችውን በራሷ አንደበት መልሳ እንድትናገር መጠየቅ፣ በስልክም ከሁለት ቀን በኋላ መደወል ይቻላል። ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ በአልጋ ላይ መቆየቱ ያሳጣው ነገር መኖሩንም ማየት ያስፈልጋል። ከመታመሙ በፊት በራሱ ይጎርስ የነበረ፣ ጥቂት እርምጃ ይራመድ የነበረ ልጅ ሁለት ሳምንት ተኝቶ ያንን ሊረሳ ይችላል። ከመግባቱ በፊት ምን ያደርግ እንደነበር ሆስፒታሉ ካልመዘገበ፣ ሲወጣ ምን እንደጎደለው የምታውቀው እናቱ ብቻ ትሆናለች።